ናና አስማኡ፡ የከተማው ሁሉ እናት



ዒልም ያስተማረን ሰው ወደ አኼራ ሲሄድ የምናደርገው የታወቀ ነው። ጀናዛውን እንሸኛለን፣ ዱዓ እናደርግለታለን፣ ለጥቂት ጊዜም ስሙን በመልካም እያነሳን እንቆያለን። አስተማሪዋ ሴት ስትሆን ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከዚህም ያጥራል። ስሟ በኪታብ አይሰፍርም፤ ያስተማረቻቸው ልጆች አድገው ወደየአቅጣጫው ሲበታተኑ ትዝታዋም አብሯቸው ይበተናል። እናት ሆና ያሳደገች፣ ኡስታዛ ሆና ያስተማረች ሴት በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዳልነበረች ትሆናለች።

በዛሬው ጽሑፌ ታሪካቸውን የማነሳላችሁ ሴት ይህ ዕጣ አልደረሰባቸውም። ናና አስማኡ ይባላሉ። በምዕራብ አፍሪካ በሶኮቶ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1864 ያረፉ ዓሊም፣ ገጣሚና የሴቶች መምህር ነበሩ። ታሪካቸውን ለእናንተ ለማቅረብ የመረጥኩት ታላቅ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ያስተማረችን ሴት ከሞተች በኋላ እንዴት ልናስታውሳት እንደሚገባ በሥራቸው ያሳዩ ስለሆነ ነው።

አስማኡ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1793 ዛሬ ሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ በምንለው አገር፣ ደገል በምትባል መንደር ነው። አባታቸው የታወቁት ሸኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ናቸው። የተወለዱት መንታ ሆነው ሲሆን ወንድማቸው ሐሰን ተባለ። በአካባቢው ልማድ ሴቷ መንታ ከሐሰን ጋር የሚሄድ ስም ሊወጣላት ይገባ ነበር። ሸኹ ግን አስማእ ብለው ሰየሟት። ብዙዎች ይህን ስም ከአስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) ጋር ያያይዙታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር በዋሻ በተሸሸጉ ጊዜ ስንቅ ያቀበለችው ያቺ ጀግና ሴት ለሕፃኗ ምሳሌ እንድትሆን ሸኹ ፈልገው ነበር ይላሉ።

እናታቸው ማይሙና የሞቱት አስማኡ ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ስለዚህ ኋላ የሕዝብ እናት ለመባል የበቁት ሴት የወለደቻቸውን እናት በቅጡ ሳያውቁ ነው ያደጉት። ያሳደጓቸው የአባታቸው ሌሎች ሚስቶች ዓኢሻና ሐዋእ ናቸው። ሁለቱም የተማሩና ሌሎችን የሚያስተምሩ ሴቶች ነበሩ። የእናትነት ትርጉም በመውለድ ብቻ እንደማይወሰን አስማኡ የተረዱት ከኪታብ በፊት ከእነዚህ ሴቶች እጅ ይመስለኛል።

በዚያ ቤት ዒልም ከሴቶች መገኘቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሸኽ ዑስማን ራሳቸው መጀመሪያ የተማሩት ከእናታቸው ከሐዋእና ከአያታቸው ከሩቀያ ነው። ዓሊም ከሆኑም በኋላ በሚሰጧቸው ትምህርቶች ላይ ሴቶች እንዲገኙ ያደርጉ ነበር። በዚህ የሚነቅፏቸው ዑለማእ ሲነሱ ዝም አላሉም። ኑሩል አልባብ በተባለው ኪታባቸው ተማሪዎቻቸውን ሌት ተቀን እያስተማሩ ሚስቶቻቸውንና ሴት ልጆቻቸውን በድንቁርና የሚተዉ ሊቃውንትን አጥብቀው ወቅሰዋል። ለሸኹ የሴት ልጅ መማር ለባሏ የሚደረግ ውለታ አልነበረም። ሶላቷን፣ ጦሀራዋንና አቂዳዋን ማወቅ በራሷ ላይ ያለ ግዴታ ነው። የሚጠይቃትም አላህ ነውና ባልም ሆነ አባት ሊከለክላት አይችልም የሚል አቋም ነበራቸው።

አስማኡ በዚህ ቤት ቁርኣንን፣ ሐዲስን፣ ፊቅህንና የዐረብኛ ቋንቋን ተማሩ። አፍ የፈቱት በፉላኒዎቹ ቋንቋ በፉልፉልዴ ሲሆን በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ የሚናገረውን ሐውሳም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ይሁንና ልጅነታቸው በሰላም አላለፈም። ደገል የምትገኘው በጎቢር ነገሥታት ግዛት ውስጥ ነበር። የሸኹ ተከታዮች እየበዙ ሲሄዱ የጎቢር ንጉሥ ናፋታ ወንዶች ጥምጥም፣ ሴቶችም መሸፈኛ እንዳያደርጉ፣ ከሙስሊም ወላጆች ያልተወለደም ሙስሊም እንዳይሆን ዐዋጅ አወጣ። በእርሱ እግር የተተካው ዩንፋም ነገሩን አከረረው። እ.ኤ.አ. በ1804 ሸኹና ተከታዮቻቸው ደገልን ለቀው ወደ ጉዱ ሒጅራ አደረጉ። አስማኡ ያኔ የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የጦርነት፣ የረሃብና የስደት ዓመታት ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጹንጹዋ በተባለው ቦታ በደረሰባቸው ሽንፈት 2000 ያህል ሰዎች ሲያልቁ ከእነዚህ ውስጥ 200ዎቹ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ እንደነበሩ ይነገራል። አንድ ማኅበረሰብ በአንድ ቀን 200 ሐፊዞችን ሲያጣ የሚጎዳው ሠራዊቱ ብቻ አይደለም። ልጆቹን የሚያስቀራላቸው ሰው ይጠፋል። አስማኡ ያደጉት ይህን ጉድለት በዓይናቸው እያዩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1807 አስማኡ ጊዳዶ ዳን ላይማን አገቡ። ጊዳዶ የወንድማቸው የሙሐመድ ቤሎ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። በ1808 የጎቢር ዋና ከተማ አልካላዋ ወደቀች። በ1809 ቤሎ የሶኮቶን ከተማ ቆረቆሩ። ሸኹ በ1817 ሲያርፉ ቤሎ ኸሊፋ፣ ጊዳዶም ወዚር ሆኑ። አስማኡ እንግዲህ የሸኹ ልጅ፣ የኸሊፋው እህትና የወዚሩ ባለቤት ናቸው። በዚህ ማዕረግ ተከብረው፣ በቤታቸው ተቀምጠው፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ መኖር በቻሉ ነበር። ማንም አይወቅሳቸውም። እርሳቸው ግን ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የአባታቸውን ጽሑፎች መሰብሰብና ማደራጀት ያዙ። ራሳቸውም ይጽፉ ጀመር። ከእጃቸው የወጡና እስከ ዛሬ የተገኙ ሥራዎች ከ60 በላይ ናቸው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የቀረው ችግር በሰይፍ የሚፈታ አልነበረም። በየመንደሩ ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች፣ የቲም የሆኑ ልጆች፣ ከየአገሩ የተሰደዱ ቤተሰቦች ነበሩ። በምርኮ ተይዘው በባርነት በየቤቱ የገቡ ሴቶችም ብዙ ነበሩ። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የሶኮቶ ግዛት በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ባሪያዎች ጉልበት ይተዳደር የነበረ ግዛት ነው፤ የአስማኡም ቤት ከዚህ ውጭ አልነበረም። የታላላቆችን ታሪክ ስናወራ የዘመናቸውን ጠባሳ መሸፈን አይገባንም። ሊካድ የማይችለው ሌላው እውነት ደግሞ አስማኡ ለእነዚያ በግድ ለመጡት ሴቶች ጭምር ትምህርትን ማድረሳቸው ነው። ሐውሳ ብቻ ለሚናገረው ሰው በሐውሳ ጻፉ፤ ፉልፉልዴ ለሚናገረው በፉልፉልዴ፣ ለዑለማኡም በዐረብኛ።

ታዲያ እነዚህ በየገጠሩ ተበታትነው ያሉ፣ ማንበብ የማይችሉ፣ ቤትና ልጅ ጥለው መሄድ የማይሆንላቸው ሴቶች እንዴት ይማሩ? ለዚህ ጥያቄ አስማኡ የሰጡት መልስ የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ሆነ። ያን ታሩ ይባላል፤ የተሰባሰቡት ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በየመንደሩ በጠባይዋና በብስለቷ የታወቀች አንዲት ሴት ትመረጥና ጃጂ ትባላለች። ጃጂ ድሮ የሲራራ ነጋዴዎችን የሚመራ ሰው መጠሪያ ነው። ጃጂዋ ከመንደሯ ሴቶችን አሰባስባ ወደ ሶኮቶ ትመጣለች። መንገዱን የሚወጡት አሮጊቶችና ያላገቡ ልጃገረዶች ናቸው። ቤትና ሕፃን የያዟቸው እናቶች በየቤታቸው ይቀራሉ። ተጓዦቹ ከአስማኡ ዘንድ ተቀምጠው ይማራሉ፤ ግጥሙን በቃላቸው ይይዛሉ፤ የከበዳቸውን ይጠይቃሉ። ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የያዙትን ለቀሩት ሴቶች ያስተምራሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡም የመንደሩን ጥያቄና ችግር ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ዓይነት ትምህርቱ ከቤቷ ልትወጣ የማትችለዋን እናት እማጀቷ ድረስ ሄዶ ያገኛታል።

አስማኡ ለየጃጂዋ ማልፋ የተባለ ትልቅ የሣር ባርኔጣና በላዩ የሚጠመጠም ቀይ ጨርቅ ይሰጡ ነበር። ነገሩ ተራ ስጦታ አይምሰላችሁ። ይህን ባርኔጣ ቀድሞ ታደርገው የነበረችው በጎቢር ቦሪ የተባለውን የዛር ዓይነት አምልኮ የምትመራው ኢና የምትባል ሴት ነበረች። የአካባቢው ሴቶች ባርኔጣውን ሲያዩ የሴት መሪ ምልክት መሆኑን ያውቃሉ። አስማኡ ያንን ክብር አላፈረሱትም፤ ከአምልኮው ለይተው ለዒልም ሰጡት። እኔ በዚህ ውስጥ ትልቅ ማስተዋል አያለሁ። ሕዝብ የሚያከብረውን ከማዋረድ ይልቅ የሚያከብረውን መልካም ነገር መስጠት የበሰለ አስተማሪ ሥራ ነው።

የማስተማሪያ መሣሪያቸው ግጥም ነበር። ግጥም ወረቀት አይጠይቅም፣ በመንገድ ላይ ይዜማል፣ እህል እየተወቀጠ ይደገማል። የቁርኣንን 114 ሱራዎች ስሞች በሙሉ አንድ አጭር ግጥም ውስጥ አስገብተው በተለያዩ ቋንቋዎች አዘጋጅተዋል። ያንን የያዘች ሴት የሱራዎቹን ስም ያዘች ማለት ነው። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት፣ የአኼራን ነገር፣ የአባታቸውን የሒጅራና የትግል ታሪክ እንዲሁ በግጥም አስተምረዋል። ሐውሳውንም ሆነ ፉልፉልዴውን የጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነው። እኛም አገር በወሎና በሐረር ዑለማእ የየአካባቢያቸውን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ዐጀሚ ሲሉት ኖረዋልና ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመንዙማ ዲኑን የተማረ ሰው የአስማኡን ዘዴ ሳይነገረው ይረዳዋል።

ሰዎች አስማኡን ኡዋር ጋሪ ይሏቸው ነበር፤ የከተማው እናት ማለት ነው። ይህ ስም እንዲያው የማቆላመጫ ስም አልነበረም፤ የሥራ ስም ነው። ከየመንደሩ የሚመጡት ሴቶች እህል፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጨርቅ፣ ለመገበያያ የሚያገለግለውንም ዛጎል ይዘው ይመጡ ነበር። ይህ ሁሉ በአስማኡ እጅ አልፎ ለተቸገሩት ይከፋፈላል። የተጣሉ ይታረቁባቸዋል፣ የታመመ መላ ይጠይቃቸዋል፣ የተበደለች ሴት ቤታቸው ትመጣለች። ይህን ሁሉ እየሠሩ የራሳቸውን ልጆች አሳድገዋል፣ ትልቅ ቤት አስተዳድረዋል፣ ከሩቅ አገር ዓሊሞች ጋርም ተጻጽፈዋል።

ውድ አንባብያን፣ ወደ ተነሳሁበት ጉዳይ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። አስማኡ ረጅም ዕድሜ ስለኖሩ የብዙ ወዳጆቻቸውን ሞት አይተዋል። ለእያንዳንዱም የሐዘን ግጥም ጽፈዋል። ለወንድማቸው ለኸሊፋው ቤሎና ለባለቤታቸው ለጊዳዶ መጻፋቸው የሚጠበቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ታሪክ ጸሐፊ ፈጽሞ ለማያስታውሳቸው ሴቶች የጻፉት ነው።

ሐሊማ ለምትባል ጎረቤታቸው ጽፈዋል። ሐሊማ ጦር አልመራችም፣ ኪታብም አልደረሰችም። ትዕግሥተኛ ነበረች፣ ዘመድ ትጠይቃለች፣ ሰው ታስማማለች፣ ክፉ ነገር ከአፏ አይወጣም። አስማኡ ይህ እንዲጻፍ አደረጉ። ዛሃራቱ ለምትባል ሴትም ጽፈዋል። እርሷ ታስተምር ነበር፣ ምጥ የያዛቸውን ትረዳለች፣ የሞቱትን ታጥባለች። አስማኡ ይህም እንዲጻፍ አደረጉ። ሐዋኡ የምትባል ጃጂ ስትሞትም ሴቶችን አሰባስባ ወደ እርሳቸው ታመጣ የነበረችውን ያቺን ባልደረባቸውን በግጥም አልቅሰውላታል። በሌላ ሥራቸው ደግሞ ወንድማቸው ቤሎ ስለ ደጋግ ሴቶች የጻፉትን መሠረት አድርገው ከእናታችን ኸዲጃና ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጀምረው፣ ራቢዓ አል-ዐደዊያን አንስተው፣ እየወረዱ የራሳቸውን አካባቢ ሴቶች በስም ዘርዝረዋል። ኪታቡን በቃሏ የምትይዝ የገጠር ሴት የጎረቤቷን ስም ከእነዚያ ታላላቆች ጋር በአንድ ሰንሰለት ላይ ታገኘዋለች። ዒልም ከሩቅ ዘመንና ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከጎረቤት ቤት ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አለ ብዬ አላምንም።

ናና አስማኡ በ1864 በ70 ዓመት ዕድሜ ገደማ ወደ አኼራ ሄዱ። የተቀበሩት በሶኮቶ በአባታቸው መቃብር አጠገብ ነው። አስተማሪዋ ስትሞት ትምህርቱም አብሮ ይሞታል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። እህታቸው መርየም የያን ታሩን ሥራ ተረክበው ቀጠሉ። ጃጂዎቹ ወደ ሶኮቶ መምጣታቸውን አላቋረጡም። በ1903 የእንግሊዝ ጦር ሶኮቶን ይዞ የኸሊፋዎቹን ሥልጣን ሲያፈርስ የሴቶቹ ትምህርት ግን አልፈረሰም። ምክንያቱም ትምህርቱ የተቀመጠው ወራሪ ሊወርሰው በሚችለው ግምጃ ቤት አልነበረም፤ በሴቶች አንደበት ነበር። ጽሑፎቻቸውን ደግሞ የጊዳዶ ዘር የሆኑ ወዚሮች በቤታቸው ጠብቀው አቆይተዋል። በተለይ ወዚር ጁነይዱ ጄን ቦይድ ለተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ እነዚህን ጽሑፎች በማሳየታቸው በ1989 የአስማኡ የሕይወት ታሪክ፣ በ1997 ደግሞ የተሰበሰቡ ሥራዎቻቸው ለመታተም በቁ። በእኛ ዘመን በናይጄሪያም በአሜሪካም ያን ታሩ በሚለው ስም ተሰባስበው የሚማሩ ሙስሊም ሴቶች አሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ።

አንደኛው፣ የአስተማሪ ታላቅነት የሚለካው ከሞተች በኋላ በሚለቀስላት ለቅሶ ብቻ አለመሆኑ ነው። አስማኡ ሁሉን ነገር በራሳቸው እጅ ይዘው ቢሆን ኖሮ ሲሞቱ ሁሉም በቆመ ነበር። እርሳቸው ግን ገና በሕይወት ሳሉ ለሌሎች ሴቶች ባርኔጣውንና ሥልጣኑን ሰጡ፤ መንደሩን አደራ አሏቸው። እናት ልጇን ለሁልጊዜው አዝላ እንደማትኖር ሁሉ መምህርም ደረሳዋን በእግሩ ካላቆመችው ሥራዋ አልተፈጸመም።

ሁለተኛው ለእኛ የቀረበ ነው። በየከተሞቻችን፣ በየሰፈሮቻችን ልጆችን ሰብስበው አሊፍ፣ ባ፣ ታ ያስቆጠሩ፣ የተጠሙትን ያጠጡ፣ የቲሙን ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያበሉ፣ ጀናዛ ያጠቡ፣ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሴቶች ነበሩ፤ አሉም። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል የመጀመሪያውን ፋቲሓ ከእንዲህ ዓይነት ሴት አፍ የያዛችሁ ጥቂቶች እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። አብዛኞቻችን እማማ እያልን ስለጠራናቸው የአባታቸውን ስም እንኳ አናውቅም። ስለ ወንድ ዑለማኦቻችን መጻፍ ተጀምሯል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ስለ እነዚህ እናቶች ግን ማን ይጻፍ? በሕይወት ያሉት ከማን እንደተማሩ፣ ማንን እንዳስተማሩ ማን ይጠይቃቸው? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው መቀመጥ ይበቃል። ያረፉትንም ቢሆን የሚያውቋቸው አረጋውያን ገና አላለቁም።

አስማኡ የጎረቤታቸውን የሐሊማን ትዕግሥት ባይጽፉት ኖሮ ዛሬ በአፍሪካ በሌላኛው ጫፍ ያለነው ሰዎች ስሟን አናነሳውም ነበር። ጦርነት ያሸነፉ ብዙ ነገሥታት ተረስተዋል። ምላሷን የጠበቀች አንዲት የሶኮቶ ሴት ግን አልተረሳችም፤ ያስታወሰቻት ጎረቤት ነበረቻትና።

አላህ (ሱ.ወ) ናና አስማኡንና ስማቸው ያልተጻፈላቸውን እናቶቻችንንና መምህሮቻችንን በራሕመቱ ይቀበላቸው። ያስተማሩንንም የሚቀጥል ሶደቃ ያድርግላቸው። አሚን።